ቀለሙን ከመምረጥዎ በፊት ማጠቢያ ክፍሉን ይጎብኙ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የነርሲንግ አገልግሎት ኃላፊ ነኝ። በሆስፒታላችን ወደ ሦስት መቶ የሚጠጋ ሠራተኛ አለ፤ ሁሉም የመሰለውን ይለብሳል። ነጭ ጋውን ያደረገ ሁሉ “ዶክተር” ይባላል፣ የላቦራቶሪውም የካርድ ክፍሉም። አሁን ማኔጅመንቱ ለሁሉም ሙያ ወጥ የሆነ ዩኒፎርም ይውጣ ብሎ ኮሚቴ አቋቋመና እኔን ሰብሳቢ አደረገኝ። አምስት ጊዜ ተሰብስበናል። አምስቱንም ጊዜ በቀለም ተጨቃጭቀን ተበትነናል። አንጋፋዎቹ ነጭ ይሁን ይላሉ፣ ወጣቶቹ ስክራብ (ያ ሰፋ ያለው ሸሚዝና ሱሪ) ካልሆነ አንለብስም ብለዋል። ለኢንፌክሽን መከላከል የሚሻለው የትኛው ቀለም ነው? የነርስ ቆብስ ቢመለስ ምን ይመስልዎታል?»

ሲስተር፣ አምስት ስብሰባ ምንም አይደለም። እኔ የነበርኩበት ኮሚቴ ዘጠኝ ጊዜ ተሰብስቦ ነው የተሳሳተውን የመረጠው። እሱን ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ለኢንፌክሽን መከላከል የሚሻል ቀለም የለም። ባክቴሪያ ነጭም ላይ ሰማያዊም ላይ እኩል ይቀመጣል። ነጭ የሚሻለው ቆሻሻ ስለሚያሳይ ብቻ ነው፤ የሚያሳየው ደግሞ ደምና አዮዲን እንጂ ጀርም አይደለም። ኮሚቴዎ አምስት ጊዜ የተጨቃጨቀው በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን፣ የት፣ በምን ያህል ሙቀት ያጥበዋል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ለአንድ ሰው ስንት ይሰጠዋል?» ነው። እነዚህ ሁለቱ ሳይመለሱ የተመረጠ ቀለም ስድስት ወር አይቆይም። በአነጋገር አይደለም፣ ጨርቁ ላይ አይቆይም ማለቴ ነው።

ነጩን የሚሟገቱትን አንጋፋዎች ግን በቀላሉ አይለፏቸው። እነሱ የሚከራከሩት ስለ ጨርቅ አይደለም፣ ስለ ክብር ነው። ነጭም ክብሩን ያገኘው በከንቱ አይደለም። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ድረስ ሐኪም የሚለብሰው ጥቁር ኮት ነበር፤ ቀዶ ሕክምናም የሚሠራው በዚያው ኮት ነው፣ ደም የጠጣና የደረቀ ኮት ደግሞ የልምድ ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። አሜሪካዊው ሠዓሊ ቶማስ ኤኪንስ በ1875 በሣለው የቀዶ ሕክምና ሥዕል ውስጥ ሐኪሞቹ ጥቁር ለብሰዋል። በ1889 ሌላ ሲሥል ሐኪሞቹ ነጭ ናቸው፣ አጠገባቸው የቆመችው ነርስም ነጭ ቆብ አድርጋለች። በሁለቱ ሥዕሎች መካከል የጆሴፍ ሊስተር ትምህርት ተስፋፋ። ሊስተር በ1867 ቁስልን ጀርም በሚገድል ካርቦሊክ አሲድ ማከም ሞትን እንደሚቀንስ ጽፎ ነበር፤ ያ ሐሳብ ቀስ እያለ ሐኪሙን ከነልብሱ አጠበው።

የነርሶች ልብስ መነሻው ሌላ ነው። እሱ የመጣው ከሃይማኖት ማኅበራት ነው። በ1836 ጀርመን ውስጥ በካይዘርስቬርት ቴዎዶር ፍሊድነር ያቋቋመው የዲያቆናውያት ማኅበር ለሴቶቹ አንድ ዓይነት ልብስና ቆብ ነበረው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1851 እዚያ ሠልጥና በ1860 ለንደን በሴንት ቶማስ ሆስፒታል ትምህርት ቤቷን ስትከፍት፣ ተማሪ ነርሶች ወጥ ልብስ እንዲለብሱ አደረገች። ለምን? በዚያ ዘመን ነርስ ማለት ስሟ የማያምር፣ ማንም ከመንገድ ተነሥቶ የሚገባበት ሥራ ነበርና ነው። ልብሱ «እኔ የሠለጠንኩ ነኝ» ይል ነበር። እርስዎን ሲስተር ብዬ የምጠራዎትም ከዚያው ታሪክ ነው። እንግዲህ አንዲት አንጋፋ ነርስ «ነጩ ይቅር» ሲባል ፊቷ ቢጠቁር አይፈረድባትም።

አረንጓዴውና ሰማያዊው ስክራብ ደግሞ የተወለደው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ሃሪ ሸርማን የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ቀዶ ሐኪም በ1914 የነጩ ክፍል ነጸብራቅ ዓይኑን ስላስቸገረው ክፍሉን አረንጓዴ አደረገው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ደምና ሥጋን ለረጅም ጊዜ አፍጥጦ ያየ ዓይን ለቀይ ይደክማል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ነጭ ነገር ሲያይ አረንጓዴ ጥላ ይታየዋል። ዙሪያው አረንጓዴ ከሆነ ጥላው ይጠፋል። ስለዚህ የስክራብ ቀለም ለኦፕሬሽን ክፍል ሳይንስ አለው፣ ለዋርድ ግን የለውም። ዋርድ ውስጥ የምንለብሰው ስለሚመች ነው። ስለሚመች መልበስ ደግሞ ነውር አይደለም፤ ወጣቶቹን ይህን ብቻ እንዲናገሩ ያድርጓቸው፣ «ሳይንስ ነው» እያሉ አያድክሙዎት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ልብስ በሽታ ያስተላልፋል ወይስ አያስተላልፍም ወደሚለው። ልብስ እንደሚበከል ጥርጥር የለውም። በ2009 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የ149 ባለሙያዎች ነጭ ጋውን ተመርምሮ 23 በመቶው ላይ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው ቁስል የሚያመረቅዝ ባክቴሪያ ተገኝቷል። በ2000 የታተመ ሌላ ሥራ፣ ስታፊሎኮከስና ኢንተሮኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች በሆስፒታል ጨርቆችና ፕላስቲክ ላይ ቢያንስ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከ90 ቀን በላይ በሕይወት እንደሚቆዩ አሳይቷል። ይህን ሰምቶ የማይደነግጥ የለም። እኔ ግን ለኮሚቴ ሁሉ የምናገረው አሜሪካ፣ ዴንቨር ላይ ተሠርቶ በ2011 የታተመውን ነው። 100 ሐኪሞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ የለመዱትን ረጅም እጅጌ ነጭ ጋውን ለበሱ። ግማሾቹ ደግሞ ጠዋት ታጥቦ የተሰጣቸውን አጭር እጅጌ ዩኒፎርም። ከ8 ሰዓት ሥራ በኋላ ሲመረመሩ የሁለቱም ብክለት ያው ሆኖ ተገኘ። ንጹሑ ዩኒፎርም ሥራ ከተጀመረ ገና በ3ኛው ሰዓት፣ በ8ኛው ሰዓት ከሚደርስበት ብክለት ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ይዞ ነበር።

ይህ ምን ይነግረናል? ጠዋት ንጹሕ ለብሶ መምጣት ግዴታ ነው፣ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ድረስ ንጹሕ የሚቆይ ልብስ የለም። ስለዚህ ዩኒፎርም የኢንፌክሽን ጋሻ ነው ብላችሁ አትሽጡት። ጋሻው እጅ መታጠብ ነው፤ ደምና ፈሳሽ የሚረጭበት ሥራ ላይ ደግሞ ከዩኒፎርሙ በላይ የሚደረግ ሽርጥ ወይም ጋውን ነው። የአሜሪካ የጤና ተቋማት ኤፒዲሚዮሎጂ ማኅበርም በ2014 ባወጣው ምክር፣ ልብስ ለበሽተኛ ኢንፌክሽን በቀጥታ ምክንያት መሆኑን የሚያረጋግጥ ጠንካራ ማስረጃ እንደሌለ ጽፏል።

በነገራችን ላይ ጨረታ እንደወጣ አንድ ጥሩ አለባበስ ያለው ሻጭ ይመጣል። «ጨርቃችን ጀርም ይገድላል» ይልዎታል። በጥሞና ያዳምጡት፣ ውሃም ይጋብዙት። ከዚያ በ2017 የታተመውን የ40 ነርሶች ሙከራ ይንገሩት። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ ነርሶች ተራውን ስክራብና ሁለት ዓይነት ፀረ ጀርም ስክራብ እየቀያየሩ ለበሱ፤ በብክለቱ ላይ ልዩነት አልታየም። ዋጋው ላይ ግን ልዩነት እንደሚኖር ሻጩ ራሱ ያውቃል።

ከቅርጹ ውስጥ አንድ ነገር ላይ ግን ሙጭጭ እላለሁ፣ እጅጌ ላይ። ከክርን በታች ምንም ነገር አይኑር። እንግሊዝ ይህን በ2007 ነው መመሪያ ያደረገችው። ምክንያቱ ጨርቁ አይደለም፤ እጅጌ የረዘመ ሰው አንጓውን አይታጠብም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሰዓት ያሰረም አይታጠብም። ስለዚህ ሰዓት ደረት ላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት ይሁን። በሃይማኖት ምክንያት ክንዷን መሸፈን ያለባት ባልደረባ ካለች፣ እስከ ክርን አጥብቆ የሚሰበሰብ እጅጌ ወይም በየበሽተኛው የሚጣል የክንድ መሸፈኛ ማዘጋጀት ይቻላል። ይህን አስቀድመው ይጻፉት። ልጅቷ መጥታ እስክትጠይቅ አይጠብቁ፣ ብዙዎቹ አይጠይቁም፣ ዝም ብለው ሥራ ይለቃሉ።

እሺ፣ ማጠቢያው።

ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ ሆስፒታሉ ያጥባል፣ ወይ ሠራተኛው ቤቱ ወስዶ ያጥባል። ሆስፒታሉ የሚያጥብ ከሆነ የእንግሊዝ መመሪያ በ65 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ወይም በ71 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ ይላል፣ ጨርቁ ራሱ እዚያ ሙቀት ላይ የቆየበት ጊዜ ማለት ነው። ማሽኑ እስኪሞቅ ያለው ጊዜ አይቆጠርም። ቤት ከሆነ ቢያንስ 60 ዲግሪ ይመከራል። ነገር ግን ወረቀት ላይ «በ60 ዲግሪ ይታጠብ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ስንቱ ሠራተኛዎ ቤት ውስጥ ውሃ የሚያሞቅ ማሽን እንዳለው እጅ አስወጥተው ይቁጠሩ። ሦስት ሰው ብቻ እጁን ካወጣ መመሪያዎ ቀልድ ሆኗል። በእጅ ለሚያጥብ ሰው የሚጠቅመው ምክር ይህ ነው፦ ከቤተሰብ ልብስ ለይቶ ያጥበው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በጋለ ካውያ ይተኮስ። ካውያ ለማማር ብቻ አይደለም። በ40 ዲግሪ ብቻ የታጠበ ዩኒፎርም ላይ የቀሩ ባክቴሪያዎች ሲተኮስ እንደሚሞቱ በሙከራ ታይቷል።

የኔን ስሕተት የምነግርዎት እዚህ ጋ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ጥቁር አረንጓዴ ለነርስ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ለነርስ ረዳት መረጥን። ናሙናው ሲመጣ ሁሉም አጨበጨበ። ዘጠኝ ስብሰባ ውስጥ ማጠቢያ ክፍል የሚሠራ አንድ ሰው እንኳ አልጠራንም። እዚያ ያሉት ሰዎች ደግሞ ለሃያ ዓመት የለመዱት አንሶላ ማጠብ ነው፤ አንሶላ የሚታጠበው በበረኪና ነው። ዩኒፎርሙም በዚያው በረኪና ገባ። በሦስት ወር ውስጥ አንድ ዋርድ ላይ አምስት ዓይነት አረንጓዴ ነበረን። ከሁሉ የከፋው፣ የነርሶቹ ጥቁር አረንጓዴ ለቆ ለቆ ልክ የረዳቶቹን ሆነ። በሽተኛ ሊለይ ቀርቶ እኛው ራሳችን ከፊት ካልታየን በቀር መተዋወቅ አቃተን። አንድ ቀን ማጠቢያ ክፍል ወርጄ ስቆጣ አንዷ ሠራተኛ ምን አለችኝ፦ «ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር፣ ማን ጠየቀኝ?» ምን እላታለሁ? ዝም አልኩ።

ስለዚህ ኮሚቴዎ ውስጥ ከነገ ጀምሮ የማጠቢያ ክፍል ኃላፊዋ ትግባ። ከዚያ ሦስት አቅራቢ ሦስት ናሙና ያምጣ፣ ናሙናው እርስዎ ሆስፒታል፣ በእርስዎ ማሽን፣ በእርስዎ ሳሙናና በረኪና ሠላሳ ጊዜ ይታጠብ። ሠላሳ ጊዜ ብዙ ሊመስል ይችላል፤ በሳምንት ሁለት ሦስቴ የሚታጠብ ልብስ ላይ ግን ሦስት ወር ቢሆን ነው። አንዱን ናሙና ሳይታጠብ አስቀምጠው ጎን ለጎን ያስተያዩት። የቀለሙን መልቀቅ፣ የእጅጌውን ማጠር፣ የኪሱን ስፌት ይዩ። ቀለሙ በረኪና የሚችል ማቅለሚያ መሆኑንም በውሉ ላይ ያስጽፉ።

ጨርቁ ራሱስ? ብዙ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙት 65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ጥጥ የሆነውን ቅይጥ ነው። ሙሉ ጥጥ ለገላ ይመቻል፣ ግን ይጨማደዳል፣ ያጥራል፣ ቶሎ ያልቃል። ሙሉ ፖሊስተር አያልቅም፣ ግን ለባሹን ይጨርሰዋል፤ ሌሊት ሙሉ ሲሮጥ ያደረ ሰው ጀርባ ላይ የሚጣበቅ ነገር ነው። ወጣቶቹ የሚወዱት የሚሳብ ስክራብ ኤላስታን የሚባል የሚለጠጥ ክር አለበት። ኤላስታን በረኪና ውስጥ ያለውን ክሎሪን አይወድም። በረኪና የሚጠቀም ማጠቢያ ካለዎት ያ ቆንጆ ስክራብ በጥቂት ወር ውስጥ ጉልበቱ ላይ ይንጠለጠላል። ይህን በስብሰባ ላይ ይንገሯቸው፣ የታጠበውን ናሙናም ያሳዩአቸው፤ ከዚያ በኋላ እነሱ ራሳቸው ይተዉታል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ስንት ይሰጥ? እዚህ ላይ ማኔጅመንቱ «ሁለት ሁለት ይበቃል» ይላል። አይበቃም። ቁጠሩት፦ አንዱ ገላ ላይ ነው፣ አንዱ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነው፣ አንዱ ማሽን ውስጥ ወይም ገመድ ላይ ነው፣ አንዱ ታጥፎ ለነገ ተቀምጧል። አራት ሆነ። በሽተኛ ካስታወከበት የሚቀየር አምስተኛ ያስፈልጋል። ሙሉ ሰዓት ለሚሠራ ሰው አምስት ነው የኔ ቁጥር። በጀቱ ለአምስት ካልደረሰ ለሁሉም ሁለት ሁለት ከመስጠት ይልቅ በመጀመሪያው ዓመት ለነርሶችና ለጽዳት ሠራተኞች ብቻ አምስት አምስት ይስጡ፣ ሌላውን በሁለተኛው ዓመት ያስከትሉ። ሁለት የተሰጠው ሰው ምን ያደርጋል? ሦስተኛውን ቀን የራሱን ልብስ ይለብሳል። አንድ ሰው የራሱን ለበሰ ማለት ደግሞ በወሩ ሁሉም ለበሰ ማለት ነው፤ እርስዎም ወደ መነሻዎ ተመለሱ።

የልብስ መቀየሪያ ክፍልም አለ። ዩኒፎርሙ በመንገድ ላይ አይታይ ካሉ የሚቀየርበት ቦታና የሚቆለፍ ሳጥን ይስጡ። ሽንት ቤት ውስጥ በአንድ እግሩ ቆሞ የሚቀይር ሰው ሕጉን የሚያከብረው የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ ነው።

አሁን ቀለም ማውራት እንችላለን።

ዩኒፎርም የሚለብሰው ሠራተኛው ነው፣ የሚያነበው ግን በሽተኛው ነው። አልጋ ላይ የተኛ ሰው አንድ ነገር ነው ማወቅ የሚፈልገው፦ ወደ እኔ የሚመጣው ሰው ማነው፣ ምን ሊያደርገኝ ነው? እናም ኮሚቴዎ በጣም የሚያምረውን ቀለም አይፈልግ፣ ከሌላው ጋር የማይምታታውን ይፈልግ። ስኮትላንድ በ2000ዎቹ መጨረሻ ለመላ አገሪቱ አንድ ዩኒፎርም ስታወጣ ሰማያዊን በደረጃ ከፋፈለችው፤ ኃላፊ ነርሶች ጥቁር ሰማያዊ፣ ነርሶች መካከለኛ ሰማያዊ፣ ረዳቶች ውሃ ሰማያዊ። ለሠራተኛው ግልጽ ነው፤ ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላ የሄደ ሰው ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ለሰባ ዓመት አዛውንት ግን ፈተና ይመስለኛል። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፣ ሰማያዊና አረንጓዴን መለየት ይከብዳል፣ ጥቁር ሰማያዊ ጥቁር ይመስላል። ማታ በደብዛዛ መብራት ደግሞ ይባስ። ከዚህ ሌላ፣ በአውሮፓ ዝርያ ወንዶች ላይ በተደረገ ቆጠራ ከ12 አንዱ ያህል ቀይና አረንጓዴን በደንብ አይለይም። ወንበርዎን አልጋ አጠገብ አድርገው፣ መብራቱን ቀነስ አድርገው፣ ናሙናዎቹን በሩ ላይ አስቁመው ይዩአቸው። ስብሰባ አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ጨርቅ ምንም አይነግርም።

ከአምስት ቀለም አይለፉ። ነርስና አዋላጅ አንድ፣ ረዳቶችና ፖርተሮች አንድ፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲና ራጅ አንድ ላይ አንድ፣ ጽዳትና ምግብ አንድ፣ ሐኪም አንድ። ኦፕሬሽን ክፍል የራሱ ቀለም ይኑረው፣ እሱ ግን ከዚያ ክፍል አይውጣ፤ ኮሪደር ላይ የኦፕሬሽን ስክራብ የለበሰ ሰው ሲታይ ወዲያው እንዲያስታውቅ ነው። አምስት ካለፈ በሽተኛው መቁጠሩን ይተዋል። ሙያ ሁሉ የራሴ ቀለም ይሰጠኝ ማለቱ አይቀርም፣ ፊዚዮቴራፒው ብቻውን፣ ማደንዘዣው ብቻውን። ለእነሱ ቀለም ሳይሆን ጽሑፍ ይስጧቸው።

ጽሑፉ እንዲያውም ከቀለሙ ይበልጣል። ደረት ላይ፣ በትልቅ ፊደል፣ የተሰፋ ወይም የታተመ፦ «ነርስ»፣ «ሐኪም»፣ «ፋርማሲ»። በሽተኛው በሚያነበው ቋንቋ። ባጅ ይገለበጣል፣ ሁልጊዜ ጀርባው ነው የሚታየው፣ ፊደሉም ለጉንዳን የተጻፈ ይመስላል። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ኬት ግሬንጀር በ2013 ካንሰር ይዟት ተኝታ ሳለ ብዙዎቹ ባለሙያዎች ስማቸውን ሳይነግሯት እንደሚያክሟት አስተውላ ነው «ስሜ እከሌ ይባላል» ብሎ መጀመርን ዘመቻ ያደረገችው። አውስትራሊያዊው የማደንዘዣ ሐኪም ሮብ ሃኬት ደግሞ በ2017 ስሙንና ሙያውን በኦፕሬሽን ቆቡ ግንባር ላይ ጻፈ። መጀመሪያ ሳቁበት። ጭንብል ያደረጉ ስምንት ሰዎች በድንጋጤ ሰዓት «አንተ፣ እዚያ ያለኸው!» ሲባባሉ ያየ ሰው ግን አይስቅም።

ሐኪሞቹ «እኛ አይመለከተንም» ይሉ ይሆናል። እዚህ ጋ ጠንከር ይበሉ። ጥያቄዎን ያስነሣው ራሱ ነጭ ጋውን ነው፤ እሱን ሁሉም እንደፈለገ እየለበሰ የቀረውን ቢያስተካክሉ ምንም አልሠሩም። ሐኪሙ ነጭ ይልበስ፣ ግን አጭር እጅጌና ሙያው የተጻፈበት ይሁን፤ ከሐኪም ሌላ ደግሞ ማንም ነጭ አይልበስ። አዎ፣ ይህ ማለት የእርስዎ አንጋፋ ነርሶች ነጩን ያጣሉ ማለት ነው። እዚህ ላይ የኔና የነሱ ሐሳብ አይገጥምም። ነገር ግን ክብራቸውን በሌላ መንገድ ይመልሱላቸው፦ ለኃላፊ ነርስ ኮሌታው ወይም የእጅጌው ጠርዝ የተለየ ቀለም ይኑረው፣ ጽሑፉም «ኃላፊ ነርስ» ይበል። በአሜሪካ 10 ሆስፒታሎች 4,062 በሽተኞች ተጠይቀው በ2018 በታተመው ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሐኪማቸው አለባበስ ግድ እንደሚላቸው ተናግረዋል። ለነርሳቸውም ግድ የማይላቸው አይመስለኝም።

ለጽዳት ሠራተኞች የሚሰጠው ልብስ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የወረደው ጨርቅ ነው። ተዉት ይህን። ከሁሉ የበለጠ የሚያልባቸው፣ ከሁሉ የበለጠ ቆሻሻ የሚነኩት እነሱ ናቸው፤ ጨርቁ አንድ ይሁን፣ ቀለሙ ብቻ ይለይ።

ኪስን በተመለከተ ወንዶች ብቻ ያሉበት የግዢ ክፍል እንዲወስን አይፍቀዱ። አንዲት ነርስ ፈረቃ ስትጀምር ኪሷን ጠረጴዛ ላይ እንድታራግፍ ይጠይቋት። እስክሪብቶ ሦስት፣ መቀስ፣ ፕላስተር፣ ጓንት፣ ማስታወሻ፣ ስልክ፣ ምናልባትም ከረሜላ። ያን ሁሉ የሚይዝ ሁለት ጥልቅ ኪስ ታፋ ላይ ያስፈልጋል። ደረት ኪስ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ስታጎነብስ በሽተኛው ላይ ይወድቃል። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰፋ ልክ፣ ለወንዶች የወንድ ልክ፣ ለወፍራም ሰው የሚበቃ ልክም መኖሩን ከጨረታው በፊት ያረጋግጡ። «የርስዎ ልክ አልመጣም» መባል ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። ጃፓን፣ ኩማሞቶ ውስጥ ያለ አንድ ሆስፒታል ለነርሶቹ የቀንና የማታ ፈረቃ የተለያየ ቀለም ሰጠ። የቀን ልብስ የለበሰች ነርስ ማታ ዋርድ ውስጥ ከታየች ሰዓቷ እንዳለፈ ለሁሉም ግልጽ ይሆናል፤ ሐኪሙም አዲስ ሥራ አይሰጣትም፣ ባልደረቦቿም «ሂጂ እንጂ» ይሏታል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በጣም ቀነሰ። ለእርስዎ ይሁን አልልም፣ የልብስ ብዛቱን ይጨምራል። ነገር ግን ቀለም ለምን ሊያገለግል እንደሚችል ማሰብ የጀመረ ኮሚቴ «ያምራል አያምርም» ብሎ አይጨቃጨቅም።

ሲጀምሩ በሁለት ዋርድ ይጀምሩ፣ ለሁለት ወር ያህል። ከመጀመርዎ በፊት ሃያ ሠላሳ በሽተኞችን «ዛሬ ጠዋት መድኃኒት የሰጠሽ ማናት? ነርስ ናት?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱን ይመዝግቡ። ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ይጠይቁ። ቁጥሩ ካልተሻሻለ ቀለሙን ወይም ጽሑፉን ይቀይሩ፣ ገና ሦስት መቶ ሰው አልለበሰውምና ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሲሰፋ ደግሞ ዋርድ በዋርድ፣ በአንድ ቀን ይቀየር። አሮጌውን በዚያው ቀን ይሰብስቡ። ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሚለብስበት ወር በሽተኛውን ከበፊቱ የባሰ ያደናግረዋል።

የቀረው ቆቡ ነው። አይመለስ። ንጽሕና ላይ ምንም አይጨምርም፣ ፀጉር እንኳ በቅጡ አይሸፍንም፤ የግሉኮስ ገመድ ይይዛል፣ ሲያጎነብሱ ይወድቃል፣ ማንም በየቀኑ አያጥበውም። ብዙ አገሮች በ1970ዎቹና 80ዎቹ የተዉት በዚሁ ምክንያት ነው፣ ወንድ ነርሶች እየበዙ ሲመጡም «እኛስ ምን እናድርግ?» የሚለው ጥያቄ ተጨመረበት። የናፈቃቸው ካሉ ለምርቃት ቀን ያድርጉት። እርስዎ ግን ነገ ጠዋት ማጠቢያ ክፍል ወርደው ማሽኑ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ይጠይቁልኝ። ቁጥሩን ከጻፉልኝ ጨርቁን አብረን እንመርጣለን።